ሳልነግርሽ የቆየሁት መርፌ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ ከጉንፋኑ ዳኑ? እማዬ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች? የአባባ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አንቺን መዋሸት ግን አልሆነልኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል፣ እማዬም ካጠገብሽ አትጠፋም። ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው ደረትና ትከሻ ስለካ እውላለሁ። ሦስቱም ግድግዳ መስታወት ነው። ባለ ሰፊ ትከሻው ኮቱን ሞክሮ ሲሄድ፣ እኔ ልብስ መስቀያ የመሰለ ትከሻዬን እያየሁ እቀራለሁ። አንዱ ደንበኛ እየሳቀ፣ ለአንተ የሚሆን ኮት የሚገኘው ከልጆች ልብስ መሃል ነው አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዚያ ሙቀት ሁለት ሹራብ ደርቤ መሥራት ያዝኩ።

ቀጥሎ ስፖርት ቤት ገባሁ። ሦስት ወር ብረት ባነሳ ጠብ የሚል ነገር ሳጣ፣ አሠልጣኙ ጡንቻ የሚያሳብጥ መርፌ ሰጠኝ። በሁለት ወር ራስህን አታውቀውም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላወቅኩትም። ደረቴ ሰፋ፣ ሰው አሞገሰኝ፤ በመስታወቱ የማየው ግን ያንኑ ቀጭን ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ አፌ ውስጥ የሚመታ ይመስለኛል። በማይረባ ነገር እበሳጫለሁ።

አብራኝ የምትሠራ ልብስ ተኳሽ አለች፤ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የምንላት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ በልቻለሁ እያለች ትሸሻለች። ወፈርኩ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ቀሚሷን ሁለቴ አጥብቤላታለሁ። ዝም ብዬ ማጥበቤ ነው አሁን የሚቆጨኝ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ካውያውን እንደያዘች ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ ክንዷም ተቃጠለ። አንስቼ ከጎናችን ወዳለው ክሊኒክ ሮጥኩ። እንደ ጨርቅ ጥቅል ቀለለችኝ፤ ሆኖም በሩ ጋ ስንደርስ የእኔም ልብ ይዘል ጀመር፣ ዓይኔም ጨለመ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ተኛን።

ሐኪሟ ሬዲዮን ምን እንደምትወስድ ጠየቀቻት። የሚያከሳ ክኒን እንደምትውጥ ተናገረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

«አንተም ንገራት። ስትወጋ አይቼሃለሁ» አለችኝ።

እታለም፣ እንደዚያ አፍሬም ፈርቼም አላውቅም። ተናገርኩ። ሐኪሟ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፋ የወጣውን ወረቀት ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ልቤ ሳያብጥ እንዳልቀረ፣ ሰኞ በትልቁ መሣሪያ እንደሚታይ፣ እስከዚያ አንዲት ጠብታ እንዳልወጋ ነገረችኝ። ሬዲዮ አብሬህ እሄዳለሁ ብላኛለች። ትናንት ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የምሳዋን ግማሽ በላች።

የሚያስፈራኝ ግን ሰኞ ብቻ አይደለም። ፍራሼ ሥር የዚያ መርፌ ሦስት ብልቃጥ ቀርቷል፤ አልጣልኩትም። ይገድልሃል እየተባልኩ እንኳ፣ ተመልሼ መክሳቴ ከሞቱ ይበልጥ ያስፈራኛል። ይህን ለሐኪሟም አልነገርኳትም። ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር ነገ እናንተ ጋ ይገባል። እንዳነበብሽ ደውዪልኝ። አትቆጪኝ፣ አትምከሪኝም። ብልቃጦቹን ሰባብሬ እስክደፋቸው ድረስ ስልኩን አትዝጊብኝ።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው በያት። አባባን እጅ ንሺልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው። ትንሹን አቅፈሽ አገላብጠሽ ሳሚው። ትልቋ ልጅሽ ሆዴ ወጣ እያለች እራት መተው ጀመረች ብለሽ በስልክ ስቀሽ ነበር። እባክሽ እህቴ፣ አትሳቂ። ዛሬውኑ አጠገቧ ቁጭ በይ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን