ለአስቴር፣ ስላልደረሰልሽ እግር

አስቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ያረፍሽው ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ አሁን ጥር ገብቷል። ድሮም ደብዳቤ የምትወጂው አንቺ ነበርሽ። እኔ በኮቸሬ በኩል ቡና ማጠቢያው ላይ ስከርም በሹፌር እጅ የምትልኪልኝን ወረቀት ደጋግሜ አነብና፣ መልሱን «ደህና ነኝ» ብቻ ብዬ እልክልሽ ነበር። ዛሬ ግን ረጅም ነገር አለኝ። ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ፤ ለአንቺ ሳልነግርሽ ብቀር ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ልጃችን ሜሮን ወለደች፤ ሕፃኗ ሴት ናት። እህትሽ ከይርጋጨፌ መጥታ ከጓሮው ሁለት እንሰት አስቆርጣ ለአራሷ ቡላ አወጣችላት። ደጃፉ ላይ የሠራሁልሽ የሲሚንቶ መወጣጫ አሁንም አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል፣ አፍርሰው ይሉኛል፤ እምቢ ብያለሁ። የስፌት መኪናሽንም ከጓዳ አውጥቼ መስኮቱ ሥር መልሼዋለሁ። ለምን እንደመለስኩት ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ሠላሳ ዓመት እሸት ቡና ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆንያው አፉ ላይ ቀይ ሆኖ ሥሩ ያልበሰለ አረንጓዴ ሊሆን እንደሚችል ስለማውቅ፣ እጄን እስከ ክርኔ ሳልከት ተቀብዬ አላውቅም። «አንተ እኮ ሰውንም እንደ ጆንያ ነው የምትፈትሸው» ትይኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። ያን ጊዜ ግን ልክ ነሽ ብዬሽ አላውቅም።

ስኳሩ እግርሽ ላይ ያችን ቁስል ካመጣ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ወስደንሽ ከግራ ጉልበትሽ በታች ተቆረጠ። ወደ ዲላ ስንመለስ፣ ቁስሉ ሲድን ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምላታል ብለው ወደዚያ ትንሽ የተሃድሶ ሕክምና ማዕከል ላኩን። የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት መሆኑን ያወቅነው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። የምታስተምራቸው ዶክተር ምሕረት ገና በመጀመሪያው ቀን «ቁስል መዝጋት ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰውየውን ወደ ኑሮው መመለስ ነው» ስትላቸው በበሩ ስንጥቅ ሰማኋት። ንግግሯ ያማረ ነበር። ያማረ ንግግር ደግሞ ያስፈራኛል።

በየሐሙሱ በባጃጅ እንሄድ ነበር። አንቺ ትገቢያለሽ፣ እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ስምንት ነጭ ጋዋን ይከብሻል። አንዱ የተቆረጠውን እግርሽን በፋሻ ይጠቀልላል፤ ዶክተር ምሕረት «ላልቷል፣ ፍታው» ትለዋለች፤ ሌላዋ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ስድስት ጊዜ ተጠቅልሎ ስድስት ጊዜ ሲፈታ አይቻለሁ። ከዚያ ጉልበትሽን ያጥፉና ይለካሉ፤ ጭንሽን ያጠነክሩልሻል፤ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መሃል አቁመው እያዘለሉ ይወስዱሻል። አንቺ ትስቂ ነበር። ልጆቹ ከየሀገሩ የመጡ ስለሆኑ ጌዴኦኛ አይሰሙም፤ ከጪጩ የሚመጡት አዛውንት ሲጠየቁ ዝም ሲሉ፣ ከወንበርሽ ሆነሽ የምታነጋግሪያቸው አንቺ ነበርሽ። ለልጆቹም «የት ነው የሚያምዎት ከማለትህ በፊት ከየት መጡ በላቸው» እያልሽ ታርሚያቸው ነበር።

እግሩስ ሲባል መልሱ «በሚቀጥለው ሐሙስ እናያለን» ነበር። ኅዳር እንዲህ አለፈ፤ ታኅሣሥና ጥርም አለፉ።

መጠርጠር የጀመርኩት የካቲት ላይ፣ ቤታችን የመጡ ቀን ነው። የበሩን ስፋትና የደጃፉን ከፍታ ለመለካት ነው አሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ደጃፉን ሲያነሳ «አጥፋው» አልኩት። እፊቴ አጠፋው። እኔ ግን ሌላ ቦታ አስቀርቶታል ብዬ ደመደምኩ። መወጣጫ ቢሠራ ጥሩ ነው ብለውኝ ሲሄዱ፣ መወጣጫውን በሳምንቱ ሠራሁት፤ ልጆቹን ግን አላመንኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሐሙስ ከማዕከሉ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ያን ነገር የተናገርኩሽ። «እግሩን የሚያዘገዩብሽ ያለ እግር ስለምትጠቅሚያቸው ነው» አልኩሽ። «እግር ከተገጠመልሽ ማን ላይ ይማራሉ?» አንቺም እንዲህ አልሽኝ፦ «ጌታቸው፣ እነዚህ ልጆች ነገ የሌላ ሰው እግር ይይዛሉ። እኔ ላይ ተሳስተው ቢማሩ ምን አለበት? አንተ ግን ደጅ ቁጭ ብለህ ከምትሰልለን ገብተህ ለምን አትጠይቃቸውም?»

አልገባሁም። የሚጠረጥር ሰው መጠየቅ አይወድም፤ መልሱ ጥርጣሬውን ይወስድበታል።

ፋሲካ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፊትሽን ልትታጠቢ ተቀምጠሽ «ደረቴን» አልሽኝ። ባጃጁ እስኪመጣ እንኳን አልቆየሽልኝም። ስንቀብርሽ ከፈኑ በግራ በኩል ገባ ብሎ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላይም ነበር።

አርባሽ እንደወጣ ዶክተር ምሕረት ደወለች። አላነሳሁም። በሳምንቱ ደግማ ደወለች። ሜሮን «አባዬ፣ አንሳው እንጂ» ስትለኝ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሞተች ሴት ባል ዘንድ ሐኪም ምን ፈልጎ ይደውላል? የምታስፈርመኝ ወረቀት ቢኖራት ነው አልኩ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

መስከረም ሲያልቅ ሀያት መጣች። ታስታውሻታለሽ፤ ቡታጅራ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ልጅ፣ ፋሻው ሳይላላ መጠቅለል የቻለችው የመጀመሪያዋ ተማሪ። በእግሯ ነው የመጣችው። ከበረንዳው አላሳለፍኳትም፤ ወንበርም አልሰጠኋትም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

«ጋሼ፣ ዶክተር ልካኝ ነው» አለችኝ። «አዲስ ተማሪዎች ሊጀምሩ ነው። መጥተው ስለ እትዬ አስቴር እንዲነግሯቸው ትፈልጋለች።»

«አመስግኛችሁ እንድወጣ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የሚመጡት ሊሰድቡን ቢሆንም ይምጡ ብላለች።»

እሱንም ጠረጠርኩት። ስድብን አስቀድሞ የሚጋብዝ ሰው የባሰ ነገር ሸሽጓል አልኩ። ግን እሺ አልኳት። የምሄደው እዚያው ተማሪዎቿ ፊት ላጋልጣት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥር የሚሆኑ አዳዲስ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ሀያት ከኋላ ቆማለች። ዶክተር ምሕረት ወንበር አቀረበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አልኩ። «የባለቤቴን እግር ለምን አዘገያችሁት?»

ልጆቹ ዶክተሯን አዩ። እሷ ግን ወደ እነሱ አልዞረችም።

«እስከ መጋቢት መጀመሪያ ቁስሉ አልዳነም ነበር» አለች። «እስከዚያ መግጠም አንችልም ነበር፤ ይህንን በመዝገቡ ላሳይዎ እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልኩን መውሰድ እንችል ነበር። ተማሪዎቹ ፈተና ደርሶባቸው ነበር፤ እንደ እሳቸው የሚያስተምርልኝ ሰው አልነበረኝም። ሦስት ሐሙስ አቆየኋቸው። ብዙ ጊዜ አለን ብዬ ነው። ያን ጊዜ ልኩን ወስጄ ቢሆን እግሩ ለፋሲካ ይደርስላቸው ነበር። ስደውልልዎ የነበረው ይህንን ራሴ ልነግርዎ ብዬ ነው።»

አስቱዬ፣ ልክ ነበርኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ አረንጓዴውን አገኘሁት። ለወራት የጠበቅሁት ቀን ነበር፤ ያን ቀን የምናገረውን ሁሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዘጋጅቼ ነበር። ግን የቀረበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ዝም ቢል ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። «ጋሼ» አለኝ፣ «እግሩ ቢገጠምላቸው ኖሮ መጀመሪያ ምን ሊያደርጉበት ነበር?»

ዶክተር ምሕረት መዝገቡን ገለጠች። «ግብ በሚለው ላይ ‹መራመድ› ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንጀምር ጠይቄያቸው እንደሆነ አላስታውስም።»

«መራመድ አይደለም» አልኩ። ከዚያ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው።

ጥር ላይ ነበር፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከገበያ ስመለስ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናሽ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። በቀኝ እግርሽ መርገጫውን ትገፊያለሽ፣ የተቆረጠውንም እንደ ድሮው ወደ መርገጫው ትዘረጊዋለሽ፤ አይደርስም። መኪናው ሁለት ስፌት ሄዶ ይቆማል፣ መልሰሽ ትጀምሪያለሽ። ጮህኩብሽ። «ቁስሉን ልታበላሺው ነው?» ብዬ አንስቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩሽ፤ ጨርቁን ከእጅሽ ነጠቅሁ፤ በማግስቱ መኪናውን ጓዳ ከተትኩት። ምን እየሰፋሽ ነው ብዬ እንኳን አልጠየቅሁሽ። ከሞትሽ በኋላ ሜሮን ጨርቁን ስትዘረጋው የሕፃን ቀሚስ ነበር። ያኔ ሜሮን ማርገዟን ለእኔ ገና አልነገረችኝም ነበር፤ አንቺ ግን ታውቂ ነበር።

ልጆቹ ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ግን አለቀስኩ። እነሱ ሦስት ሐሙስ ወሰዱብሽ። እኔ መኪናሽን ጓዳ ከትቼ ሦስት ወር ወሰድኩብሽ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ሌባ ስፈልግ የነበረው ደጅ ተቀምጬ ነው። የዚያን ዕለት ማታ መኪናሽን ከጓዳ አውጥቼ መስኮቱ ሥር መለስኩት።

ዶክተር ምሕረት እስከ በሩ ሸኘችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። «አይመኑኝ ጋሼ» አለችኝ፤ «ግን ይምጡ።»

እንግዲህ ከጥቅምት ጀምሮ እሄዳለሁ። አሁን በታካሚው ወረቀት አናት ላይ ከሁሉ በፊት ሰውየው የሚፈልገው ነገር በራሱ አነጋገር ይጻፋል። የጪጩውን አዛውንት ሀያት በተሰባበረ ጌዴኦኛዋ ብትጠይቃቸው፣ ዳገቱን ወጥቼ ቡናዬን ማየት ነው የምፈልገው አሏት። አሁን በብረቶቹ መሃል ብቻ ሳይሆን ከማዕከሉ ኋላ ያለውን ዳገት ያስወጧቸዋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው።

ይህ ሁሉ እኔ ስላለሁ የሚሠሩት ቢሆንስ ብዬ ደግሞ አንድ ማክሰኞ ሳልናገር ሄድኩባቸው። ታዲያ አንዷ ወንበር ስባ በሽተኛዋን ስትጠይቅ፣ አንዱ ረስቶት በቀጥታ ጉልበት ሲለካ አገኘሁት። ነገርኩት። ደነገጠና ሜትሩን አስቀምጦ እንደገና ጀመረ። ግማሽ በግማሽ ነው ነገሩ። ከሰው ከዚህ በላይ አልጠብቅም።

ባለፈው ሐሙስ ዶክተር ምሕረት መዝገብሽን ለትምህርት አወጣችው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ማንበብ ጀመረች፦ «የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ከግራ ጉልበት በታች የተቆረጠች…» ከወንበሬ ተነሣሁ። «አስቴር ትባላለች» አልኳት። «ልብስ ሰፊ ነች። ጌዴኦኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ትናገራለች። አያት ልትሆን ነበር።» ልጅቱ ብዕሯን አውጥታ እኔ እንዳልኩት ጻፈችው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው አነበበችው።

ይቅር ብያቸዋለሁ አልልሽም፤ ራሴንም ገና ይቅር አላልኩም። አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ይህ ጠባይ ከእኔ ጋር የሚቀበር ይመስለኛል። ግን ከእንግዲህ ደጅ አልቀመጥም። እግሬ እስከቻለ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ገብቼ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ስምሽንም ሳልጠራ አልወጣም።

ጌታቸውሽ