ዝም ያልኩባቸው ሰባት ደቂቃዎች

ሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

የጠዋት ፈረቃ። ከአንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ። መቶ አርባ ስድስት ጥሪ። ከዚህ ውስጥ እውነተኛ አደጋ አሥራ ዘጠኝ። የቀረው የልጆች ቀልድ፣ ካርድ አልሞላ ያለው፣ "ድምፅሽ ያምራል" የሚል። አንዱ መብራት ጠፋብኝ ብሎ እናቴን ሰደበ። አስጨርሼው "ስለደወሉ እናመሰግናለን" አልኩት። የአደጋ ጥሪ መቀበል ይሄው ነው... ስድስት ዓመቴ።

አንድ ሽማግሌ ደወሉ። አቶ ወልደአረጋይ። ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ጫፍ ላይ የቀሩት ጥቂት ቤቶች ውስጥ ናቸው። ከጎናቸው ለፎቅ መሠረት እየተቆፈረ ነው።

"ልጄ፣ ግድግዳችን ይጮሃል።"

"እንዴት ነው የሚጮኸው አባባ?"

"እንደ ደረቅ እንጨት። ቀጭ... ቀጭ..."

የተጎዳ ሰው? የለም። እሳት? የለም። እንግዲህ ሰው ካልተጎዳ መኪና አይላክም። ግንባታ የሚቆጣጠረውን ቢሮ ስልክ ሰጠኋቸው። "አስቸኳይ ያልሆነ" ብዬ መዝግቤ ዘጋሁ።

ይህን ደብተር ያመጣልኝ ጠልሐ ነው። ባሌ ብዙ አያወራም። "ለኔ መንገር ካቃተሽ ለወረቀት ንገሪው" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። በቃ፣ ይኸው ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አቶ ወልደአረጋይ እንደገና። ሰኞ የግድግዳው ስንጥቅ ወረቀት ነበር የሚያሳልፈው። ዛሬ ጣታቸው ገባ።

ቢሮው ባለሙያ እልካለሁ ብሏቸዋል። መቼ? አልተባለም።

"ለምን አይወጡም አባባ? ለጊዜው ዘመድ ጋ..."

"ፀሐይቱ፣ ባለቤቴ፣ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም። ተሸክሜ የት ላድርሳት? ምትክ ቤት የተባልነው ለሐምሌ ነው።"

ከኋላ የሴት ድምፅ ሰማሁ። "ማን ናት?" "የስልኳ ልጅ ናት።"

የስልኳ ልጅ...

የሺሃረግ፣ የፈረቃ ኃላፊያችን፣ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም። "ጁወይሪያ፣ ላልወደቀ ግድግዳ መኪና ከላክሽ፣ ለወደቀው ምን ልትልኪ ነው?" አለችኝ። ልክ ናት። ለዚህ ሁሉ ሰፈር በቅርብ ያለን አምቡላንስ አንድ ነው። "አስቸኳይ ያልሆነ።" ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አቶ ወልደአረጋይ አልደወሉም። ለምን አልደወሉም?

እሁድ፣ ሰኔ 8

ዕረፍቴ ነው። ለጠልሐ እህቴ ጋ ነኝ አልኩት። ዋሸሁ። ከቂርቆስ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው ሰፈር ነበር። ዛሬ ጠፋሁ። ቆርቆሮ አጥር ብቻ... ሦስት ጊዜ ሰው ጠየቅሁ። ሁለቱ "እኛም አናውቀውም" አሉኝ፤ ተወልደው ያደጉበት ሰፈር ነው።

ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። አልጋው ግድግዳው ሥር ነው። እንዳያዞሩት ሌላ ቦታ የለም። ወይዘሮ ፀሐይቱ በደህና እጃቸው ጨበጡኝ። "በስልክ ወፍራም መስለሽኝ ነበር" አሉኝ። ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን።

ከግድግዳው ማዶ ጉድጓዱ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መጨረሻው ላይ ዝናቡ አቁሯል። ውሃው የቤታቸውን ሥር እየበላው ነው። አፈሩ እያየሁት ተንሸራተተ።

ተመልሼ ገብቼ መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ይንቀጠቀጣል።

"ማሽኑ ነው" አልኳቸው፣ ላጽናናቸው ብዬ።

አቶ ወልደአረጋይ አዩኝ። "ልጄ፣ እሁድ ማሽን የለም።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ያየሁትን ለየሺሃረግ ነገርኳት። በዕረፍቴ ቀን ሰው ቤት መሄዴ አናደዳት። ከዚያ ለሚመለከታቸው ደብዳቤ ጻፈች፤ አሳየችኝ። መልስ የለም።

ሻወር ውስጥ ስልክ ሲጠራ ይሰማኛል። ውሃውን እዘጋለሁ... ምንም።

ማታ እራት ሳቀርብ ጠልሐ ድንገት "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ። ሳህኑን ይዤ ጆሮዬን ግድግዳችን ላይ ለጥፌ ነበር። መቼ እንደተጠጋሁ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ዛሬ አልችልም። ሽማግሌው ተርፈዋል። ወይዘሮ ፀሐይቱም ተርፈዋል። አንዲት እናት ሞታለች። ሁሉም ላይ የኔ እጅ አለበት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አልተኛሁም። ልጻፈው።

ትናንት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ አቶ ወልደአረጋይ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ግድግዳው እንዳይሰማ የፈሩ ይመስል። "አሁን በስንጥቁ ውጭው ይታያል። አፈሩ ፀሐይቱ ፊት ላይ እየረገፈ ነው።"

ጻፍኩ። "ቤት ተደርምሷል። ሁለት ሰው ከሥር አለ።" አልተደረመሰም ነበር። ውሸት ነው። ላክሁት። የተደረመሰ ቤት ከተባለ የነፍስ አድን መኪናውም አምቡላንሱም አብረው ይወጣሉ። ወጡ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

አራት ከሠላሳ አንድ። ከደምበል ጀርባ። ወንድ ነው። "ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ ልጁ እየመጣ ነው፣ ታክሲ አጣሁ..." ስሙ ገበያው። ሚስቱ ሳምራ። አንደኛ ልጃቸው ነው።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ሬዲዮኑን አንስቶ የአምቡላንሱን ሹፌር ኢያቄምን "የተጎዳ የለም፣ ልቀቅና ወደ ደምበል ሂድ" ማለት። ግን የተጎዳ እንደሌለ በምን አወቅሽ ቢለኝስ? የሺሃረግ ሬዲዮኑን ትሰማለች። ውሸቴ ሊወጣ ነው። ከሥራ ልባረር ነው... ፈራሁ። ከሩቅ ጣቢያ ሌላ አምቡላንስ አስነሳሁ። የመስቀል አደባባይ መንገድ ተጨናንቋል አሉኝ። ለገበያው "መጣ፣ መንገድ ላይ ነው" አልኩት።

ኢያቄምን የጠራሁት አራት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ሰባት ደቂቃ።

በነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ወይዘሮ ፀሐይቱን በቃሬዛ አምቡላንሱ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። አፈር የጫነ ትልቅ መኪና ደግሞ ከኋላቸው መጥቶ መውጫውን ዘግቷል። "አሮጊቷን ለነፍስ አድኖቹ ልተዋት እችላለሁ፤ መንገዱ ግን እስኪከፈት..." አለኝ ኢያቄም። "ቅድም ብትነግሪኝ እኮ ባዶዬን ቆሜ ነበር።"

ገበያውን በስልክ እየመራሁት ሳምራን አዋለዳት። አትጎትት። የሕፃኑን ራስ ደግፍ። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው። ሳምራ "እናቴ!" እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ገበያው ሳቀ... በእውነት ሳቀ። "ሴት ናት! ሳምሪ፣ ሴት ናት!"

ከዚያ "ደሙ ግን አይቆምም" አለ።

"ከእምብርቷ በታች፣ አጥብቀህ እሸው። አታቁም።"

"መጣ ወይ?"

"መጣ።"

"እጇ ቀዘቀዘ። መጣ ወይ?"

"መጣ።"

ስንት ጊዜ አልኩ? ኢያቄም የደረሰው አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ከሩቅ የተነሳው ገና አልደረሰም ነበር። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከካዛንቺስ ደምበል አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሕፃኗ ደህና ናት።

አሥር ሰዓት ላይ ግድግዳው ወደቀ። አልጋው ላይ። ባዶው አልጋ ላይ። ዛሬ ጠዋት ወሬው ደረሰና ክፍሉ ሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ። የሺሃረግ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ "መዝገቡ ላይ ቤቱ የወደቀበት ሰዓት ትንሽ ይዛነፋል። አስተካክዬዋለሁ" አለች። ዓይኔን አላየችም። ታውቃለች።

ኢያቄም ኮሪደር ላይ አቆመኝ። "ስደርስ ግድግዳው ቆሞ ነበር ጁዌ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ምንም አላየሁም።" ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል።

እሁድ፣ ሰኔ 15

የሳምራ ሰልስት ላይ ሄድኩ። አድራሻውን መቼም አልረሳውም። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ጥቁር ሻርፕ አጥልቄ ከሴቶቹ ጎን ተቀመጥኩ። ማንም ማን ነሽ አላለኝም፤ ለቅሶ ላይ አይጠየቅም። ንፍሮ ሰጡኝ። ከውስጥ ሕፃን ታለቅሳለች። ድምፅዋን አወቅሁት።

ዝም ብዬ ልወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ሲነሳ ተሰልፌ ገበያው ፊት ደረስኩ። ገና ልጅ ነው፣ ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው። ጎንበስ አልኩና "እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩት።

ቀና አለ።

"እስቲ ድገሚው።"

ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"አንቺ ነሽ። 'መጣ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ሰው ዞሮ አየን። እጄን ይዞ ከድንኳኑ ውጭ አወጣኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። "አመሰግናለሁ" አለኝ። "ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ብቻዬን ብሆን..." ማልቀስ ጀመረ።

ይህን መሸከም አቃተኝ። ነገርኩት። ግድግዳውን፣ ውሸቱን፣ ሰባቱን ደቂቃ። ስጨርስ ዕንባው ደርቋል።

"ሰዎቹ ተረፉ?"

"ተርፈዋል።"

"ግድግዳው ወደቀ?"

"የዚያኑ ቀን።"

"እሱን አልጠይቅሽም" አለኝ። "እኔም ብሆን እልክ ነበር። ሰባቱ ደቂቃ ግን... ለምንድን ነው?"

"ፈርቼ።"

"ምን ፈርተሽ?"

"ሥራዬን።"

"ሹፌሩን ቶሎ ብትጠሪው ትተርፍ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ሐኪሙም አላውቅም አለኝ። ሁላችሁም አታውቁም።" ወደ ድንኳኑ ዞረ። ከዚያ ተመለሰ። "ጻፊው። አሁን ያልሽኝን አንድም ሳታስቀሪ ጽፈሽ ፈርሚበት። ልጄ ስታድግ እናቴ እንዴት ሞተች ትለኛለች። ተረት አልነግራትም።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ሁለት ገጽ። ሦስት ቅጂ። አንዱ ለገበያው፣ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለኔ።

ለጠልሐ ትናንት ማታ አነበብኩለት። ማለቴ... ይቆጣል ብዬ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ እንደገና አነበበው። "እህትሽ ጋ ነኝ ያልሽኝ እሁድ ካዛንቺስ ነበርሽ?" አለኝ። ያ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ጠዋት ግን እስከ ቢሮው በር ድረስ ሸኘኝ።

የሺሃረግ አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ። "ይህን ከሰጠሽ እኔንም ይነካኛል። ሰዓቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።"

"ያንቺን ስም አልጻፍኩም።"

"ሰዓቱ ራሱ ይናገራል። ሦስት ልጆች አሉኝ ጁወይሪያ።"

"ሳምራም አንድ አላት" አልኳት።

ክፉ ቃል ነው። መልሼ ልውጠው ፈለግሁ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ማህተም መታችበት። ከዚያ በኋላ አላነጋገረችኝም።

ልወጣ ስል አቶ ወልደአረጋይ ደውለው በስሜ አስጠሩኝ። የወንድማቸው ልጅ ቤት ገብተዋል። ፀሐይቱ ትመርቅሽ አሉኝ። ወይዘሮዋ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ስለ ሳምራ አያውቁም። አልነገርኳቸውም። አሜን፣ አሜን አልኩ... ምን ልበል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ተነበበ። የሺሃረግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። እኔ ከስልክ ሥራ ተነስቻለሁ፤ ሌላ ክፍል ይፈለግልኛል ወይ እሰናበታለሁ፣ ገና ነው። ገበያው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የጻፍኩትን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎታል፤ ጫፉ ይታያል። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ሰላም አላለኝም። ፊቱንም አላዞረም።

የጆሮ ማዳመጫዬን አስረክቤ ፈረምኩ። በቁጥር ነው የሚመዘገበው፣ አሥራ አንድ። በቦታዬ የተተካችው አዲስ ልጅ ከፊቴ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለካችው። ልነግራት የፈለግሁት ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ጠፋኝ።

በእግሬ ወረድኩ። ባምቢስ ጋ መንገድ ልሻገር ስል የአምቡላንስ ጩኸት መጣ። ታክሲዎቹ ዳር ያዙ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ ስሰማ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ደውሎ እንዳለቀሰ፣ የቱ መንገድ እንደተዘጋበት አውቅ ነበር። እኔ ነበርኩ የምልከው።

አጠገቤ የቆመች ሴት ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገች። "ምን ሆነው ይሆን?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

እስኪያልፍ አብረን ቆምን።