ለአራራ ነው የመጣነው

ነሐሴ 1፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ። የዛሬው ስግደት አለቀ። ጉልበቴ ይንቋቋል። ሜሮን ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ፣ አባባ በጠዋት እንጨት ትሰብራለህ ወይ ትላለች። የልጅ ልጅ አይደለችም፣ ቅጣት ናት። ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ስትመለስ እኔን ትተረትራለች።

የፍልሰታ መጀመሪያ። አሥራ አምስት ቀን እጾማለሁ፣ በ16 እቆርባለሁ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ አልቆረብኩም። የንስሐ አባቴ አባ ታደሰ ናቸው ዘንድሮስ ለቁርባን በቅተሃል ያሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ እኔ ሰባ ስምንት። «ልጄ» ይሉኛል። አቤት አባቴ እላለሁ። ጫማዬ በዕድሜ ይበልጣቸዋል።

አንቺ ደብተር፣ ጠጋ በይ። ገና ያልተሠራ ኃጢአት ልንገርሽ። ልጄ ግርማ፣ የሜሮን አባት፣ ጓሮ ካለችው ክፍል በር ሥር ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይጠግናል። ስምንት ሰዓት ላይ ጫቱ ከሌለ ሐራራው ይነሣበታል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ዝንቧም ጠላቱ ትሆናለች። ጫቱን አወጣሁ፣ በምትኩ የኒም ቅጠል ጠቀለልኩ። ኒም! በከዚራ ሰፈር ሁሉ ላይ ያጠላ ዛፍ፣ ምሬቱ ግን እሬት። ዛሬ ከቅዳሴ እቀራለሁ። ይሄማ አያመልጠኝም።

ነሐሴ 1፤ 11 ሰዓት

መታኝ።

ፊደሉ ቢጣመም አትፍረጂብኝ። ጎረሰ፣ አኘከ፣ ፊቱ ተጨማደደ። እኔ መስኮቱ ሥር ወንበር ይዤ፣ «አቦ እንዴት ነው፣ የአወዳይ ጫት ነው አይደል?» አልኩት። እስክታነቅ ሳቅሁ። ፔርሙዙን ወረወረ፣ ግድግዳው ላይ ፈነዳ፣ ትኩሱ ሻይ እግሬ ላይ ፈሰሰ። አሁንም ሳቅሁ። ያኔ ባቆም ኖሮ። ቡጢው አፌ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ። የራሴ። አሥራ አንድ ነበሩኝ።

ልጅ አባቱን!

ደሜን እየተፋሁ በር ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ሰፈሩ ግልብጥ አለ። ሁሉም እየሰማ ማልሁ፤ ስሞት ሬሳዬ አጠገብ እንዳይቆም፣ አፈሬንም እንዳይነካ። ይሄም አልበቃኝም። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ እዚሁ በር ላይ ቆሜ እረግመዋለሁ አልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። የአባት እርግማን ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ግርማ እጁን እያየ ወጣ።

ነሐሴ 3፤ 4 ሰዓት

ሜሮን ከሥራ ቀርታ ክሊኒክ ወስዳኝ ተመለስን። ሦስተኛውንም ነቀሉት። ስምንት ቀረ። ባጃጅ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ለበለበችኝ። «አባባ፣ ያስመታህ አፍህ ነው። የአባቴም እጅ ይሰበር!» አለችና አለቀሰች። ነጂው መስታወቱን ወደ ሌላ አዞረ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እርግማኑ ወደ እኔም ነው የሚወርደው፣ እኔ የሱ ልጅ አይደለሁም? አለች።

አስቤበታለሁ አልኳት። አላሰብኩበትም። በጾም ዋሸሁ።

ግርማ ያለው ሙሜ ቤት ነው። ሙሜን ታውቂዋለሽ፣ ግማሽ ገጽሽን የሞላው እሱ ነው። በባቡሩ ወርክሾፕ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ፍሬን ገጥመናል። እሱ በመስጊዱ ይሰግዳል፣ እኔ በቤ/ክ፤ ጎንበስ ብሎ መነሣት ያቃተው ማን ነው እያልን በየቀኑ እንበሻሸቃለን። አማርኛ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ኦሮምኛ ስድብ ያስተማረኝ እሱ። አሁን የመታኝን ሰው መኝታ ሰጠ። ከሃዲ። ይደውላል፣ አላነሣም።

ነሐሴ 4፤ 10 ሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ አባ ታደሰን ግቢው ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። የኒሙን ብቻ አሳጠርኩት። ይቅር ሳትል ቁርባን የለም አሉኝ። የተመታሁት እኔ ነኝ እኮ አባቴ አልኩ። ክርስቶስም ተመትቶ ነበር አሉ። ያበጠ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ስትሰግድ ምን ታስባለህ ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩን አልኩ። ልጅ ናቸው፣ ጥያቄያቸው ግን ያረጀ ነው።

ነሐሴ 6፤ ጠዋት

ስግደት፣ አርባ አንድ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር በሐሳቤ የግርማን አንድ ጣት እሰብራለሁ። በአሥር ስግደት ጣቱ አለቀ፣ ወደ ጎድኑ ተሻገርኩ። ሃያ ስድስት ላይ መንጋጋው። ተነሥቼ ሳማትብ ላብ በላብ ነኝ፣ እውነትም ሰው የደበደብኩ ነው የምመስለው። ደስ ብሎኛል። ጌታዬ፣ ደስ ብሎኛል። የተደበደበ አፍ ይዤ በፊትህ እየደበደብኩ ነው፣ አንተም ታያለህ።

ጾም ይሄ ከሆነ ጅብም ይጾማል።

ነሐሴ 8፤ 9 ሰዓት

ስልኬ ላይ ከሙሜ መልእክት መጣ። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦ «ነገ በ8 ሰዓት ለአራራ ከግርማ ጋር እንመጣለን።»

በስምንት ሰዓት! ለሐራራ! ሙሜ ሲጽፍ ፊደል ይበላል፣ ሐኪምንም አኪም ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ገብቶኛል። ጥርሴን ያወለቀው ሰው ሐራራው በተነሣበት ሰዓት ጫቱን ይዞ፣ እቤቴ፣ በጾሜ፣ ፊቴ ሊቅም! ለኒሙ ብድር መመለሳቸው ነው። ሙሜ ቀልድ መስሎታል። እኔ ከቀልድ ወጥቻለሁ።

ከጓሮ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የቧንቧ ብረት አምጥቼ በሩ ኋላ አቆምኩ። ለሜሮን አልነገርኳትም።

ነሐሴ 9

ሙሜን መታሁት።

እንደሆነው ልጻፈው። ነገም ከነገ ወዲያም አንቺን ከፍቼ ልሸሽ እንዳልችል። ቅዳሴ አልሄድኩም። ጠበቅኋቸው። ስምንት ሰዓት ሆኖ በሩ ተከፈተ። ሙሜ ከፊት፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ። ግርማ ከኋላው አንገቱን ደፍቶ። በእጁ የተቋጠረ ነገር ይዞ ነበር፤ ጫቱ ነው አልኩ። አንድም ቃል አላስተነፈስኳቸው። ብረቱን አነሣሁ፣ በግርማ ራስ ላይ ሰነዘርኩ። ሙሜ መሐል ገባ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ፣ እንዴት እንደፈጠነ አላውቅም። ብረቱ ግንባሩን ሰንጥቆ ትከሻው ላይ ወረደ። ድምፁን ሰማሁት። አጥንት ነው። ኮፍያው ቀላ።

ያኔም አልቆምኩም። ደብተር፣ ይሄን አሥምሪበት። ሁለተኛ አነሣሁ። ግርማ ብረቱን በአየር ላይ ያዘው። ከእጄ ፈልቅቆ አወጣው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሊመታኝ ይችል ነበር፤ ብረቱ በእጁ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሙሜን አቀፈ።

ሙሜ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ዓይኑ ውስጥ ደም እየገባ፣ «አራራፍ ዱፍኔ፣ ጅሉ!» አለኝ። ለእርቅ ነው የመጣነው ማለቱ ነው። አራራ። በሱ ቋንቋ እርቅ። ስንቴ የሰው ጠብ አብረን ሸምግለን፣ ስንቴ ከሱ አፍ የሰማሁት ቃል! ሐራራንም አራራንም አውቃቸዋለሁ። ፊደል የበላው እሱ አይደለም። ክፉውን ትርጉም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ግርማ እጅ ላይ የነበረው ቋጠሮ ቴምር ነበር። ለማፍጠሪያዬ።

ነሐሴ 10፤ 5 ሰዓት

ሆ/ል አልሄድኩም። እግሬ አልሄደም። ሜሮን ሄዳ መጣች፤ ግንባሩ ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቷል፣ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፣ ከማደንዘዣው ሲነቃ ያለበትን አላወቀም። ፖሊስ ጠይቆታል። ከደረጃ ወደቅሁ ብሏል።

ሙሜ ቤት ደረጃ የለም።

ሜሮን ይሄን ነግራኝ ልትስቅ ሞከረች፣ አቃታት። እኔም። ሰው ላይ ሳሾፍ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ አንዲት ቀልድ ጀመርኩና አፌ ውስጥ ሞተች።

ነሐሴ 11፤ 10 ሰዓት

ቅዳሴ ቆምኩ። እግዚኦታው ተጀመረ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ጌታ ሆይ ማረን፣ አርባ አንድ ጊዜ። በጣቴ አንጓ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ግርማ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጸሎት ሳደርስ ሳቀብኝ። ያን ሳቅ ከማን እንደወረሰው አላሰብኩም። እጁንና እግሩን አስሬ በበርበሬ አጠንኩት። ጋቢ ደርቤ፣ ጭሱ እንዳይወጣ። እናቱ በሩን ትደበድብ ነበር። ከጋቢው ሥር ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው፣ «አባዬ ማረኝ» ይላል። አልማርኩትም። ጸሎቴን ጨረስኩ።

ዛሬ ሕዝቡ ማረን ባለ ቁጥር እኔ የምሰማው እሱን ነው። ጆሮዬን ብይዝም። እኔ በልጄ አፍ ውስጥ መራራ አስገብቼ መስኮት ሥር ወንበር ይዤ የተቀመጥኩ ነኝ። እግዚአብሔር ስንት ዓመት እኔን ሲያይ ኖረ፣ ወንበር ይዞ አልሳቀብኝም። ብረትም አላነሣብኝም። ራራልኝ። ይሄንን ቃል በቅዳሴ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ የዛሬው ግን ደረቴን በቡጢ ነው ያገኘው።

ነሐሴ 12፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

አባ ታደሰ ዘንድ። አሁን ምንም አላሳጠርኩም። ኒሙን፣ ብረቱን፣ በርበሬውን። ከባድ ቀኖና ጠበቅሁ፤ ሦስት መቶ ስግደት ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቆጥሬ እገላገል ነበር። ስንት ሰው መታህ አሉኝ። አንድ አልኩ። እንደገና ቁጠር አሉኝ።

ሁለት።

ሂድ ወደ ሁለቱም አሉ። ከዚያ በፊት ወደ እኔ አትምጣ። ልጄ አላሉኝም ዛሬ። አባቴ አሉኝ። ከስድብ ሁሉ ይሄ አመመኝ።

በወርክሾፑ፣ ባቡሩ ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑን በእጄ ነክቼ ካላየሁ አላሳልፍም ነበር። በየቀኑ፣ ትናንት ደህና ነበር ሳልል። ነፍሴን ግን ለጾም ለጾም ብቻ ነው ከፍቼ የማያት፤ የቀረውን ጊዜ ፊሽካዋን እየነፋሁ ቁልቁለት ለቀቅኋት። ቁልቁለቱ ላይ የቆመው ሙሜ ነው።

ነሐሴ 14፤ ማታ 3 ሰዓት

ሙሜ ቤቱ ገብቷል። ሜሮን ወሬ ይዛ መጣች። ግርማ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ እየተኛ ያገላብጠዋል፣ ሾርባ ያጠጣዋል፣ ሐራራው ሲነሣበት ወጥቶ ግቢውን ይዞራል እንጂ ክፉ አይናገርም። ሙሜ ምን አለ አልኳት። «አቦ ያ ሽማግሌ ምን ይጠብቃል? ካልመጣ እኔ በአንድ ትከሻ እመጣበታለሁ!»

አባትሽስ ምን አለ?

የሙሜን ስፌት ባየ ቁጥር፣ ይሄ የኔ ነበር ይላል አለች።

ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነኝ። ፈርቻለሁ። ግርማ በሩን ቢዘጋብኝስ? እውነቱን ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ቢዘጋብኝስ? አንገቴን ለማቅናት የነበረኝ ያ እርግማን ብቻ ነበር፤ እሱን ካስቀመጥኩ ባዶ እጄን ነኝ። ቁጣዬም ገና አልሞተም፣ የድዴ ቁስል ሲጠዘጥዘኝ ይነሣል። ልዋሽሽ አልፈልግም።

ነሐሴ 15፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሙሜ ቤት ነገ ጠዋት ልሄድ ብዬ ነበር። ማልጄ፣ ሰው ሳያየኝ። ከዚያ አሰብኩ፤ የማልሁት ሰፈሩ ፊት ነው፣ በቀን ብርሃን። በቀን ብርሃን እሄዳለሁ። አሁን።

እንደ አባቶቻችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ። ከጓሮ መረጥኩ። የመጀመሪያው ዳቦ ታክላለች፣ ደንቡን ያታለልኩ መሰለኝ፣ ጣልኳት። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ ለቀቅሁት፣ ሦስተኛው ላይ ተነሣ። ሜሮን ደረሰችብኝ። አባባ ወገብህ ይቆረጣል፣ ስጠኝ እኔ ልያዝልህ አለች። እምቢ አልኳት። ደንቡ እኮ በዳይ ልጅ ለአባቱ ነው የሚሸከመው፣ አንተ ለማን ነው አለች። ለሙሜ አልኩ። ድንጋዩን አመቻችቼ ለአባትሽም አልኩ። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሮጣ የአንገት ልብስ አምጥታ ድንጋዩ ማጅራቴን እንዳይልጠው አጠፈችልኝ። «ደግሞ መንገድ ላይ እንዳታሾፍ» አለችኝ። ቃል አልገባሁላትም።

ከቤቴ እስከ ሙሜ በር ሦስት መንገድ ነው። ባጃጆቹ ይቆማሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ይውጣ። እርግማን ሊሰሙ ቀን የቆጠሩ ሁሉ ይሄን ይዩ። ግርማ እግር ሥር ስደርስ የምለውን አላዘጋጀሁም። ቢዘጋብኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቁርባኑን ነገ ባገኘው አገኘሁት፤ ባላገኘው ይሄኛውን በር ሳላንኳኳ ያኛውን አላንኳኳም።

ድንጋዩ የበሩ ደፍ ላይ ነው። ሜሮን በሩን ከፍታ ይዛለች፣ ና እንጂ ትላለች። እጄ ለድንጋዩና ለእስክሪብቶው አይበቃም። እስክሪብቶውን ላስቀ—