ሻማ ስላበራንላቸው ችካሎች፣ ከሉዊዚያና ጫፍ

ሐሙስ፣ ማርች 6፤ ባዩ ግሪ መንደር፣ ሉዊዚያና። ነፋሱ ከደቡብ ነው። ዝናብ የለም፤ ውሃው ግን መንገዱን ተሻግሯል። ይህ ሲጻፍ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት ባለቤቴ ኡሊስ፣ ታላቅ እህቱ ዜኖቢና ጎረቤታችን ሽማግሌው አልሲድ ናቸው። አልሲድ የመጣው ሊመሰክር አይደለም፤ የራሱ ወጥ ቤት ውሃ ስለገባበት ነው።

ለክቡር የግዛቱ የባሕር ዳርቻ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቤትዎ ወለል እንዴት ነው? ከሁሉ አስቀድሜ እግርዎ ዘወትር ደረቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት መልእክተኛዎ ኢንጂነር ፕሬስኮት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰብስበውን፣ በዚህ ግዛት መኖር ያለውን ጥቅምና ጉዳት እያንዳንዳችን ጽፈን ብንልክ ከግምት ውስጥ እንደሚገባ ነግረውናል። እስካሁን ወደ ቤታችን የሚገባው ውሃ ብቻ ስለነበር፣ የእኛ ነገር ደግሞ በተራው አንድ ቦታ መግባቱ አስደስቶናል። ስለዚህ በታዘዝነው መሠረት ጥቅሙን አስቀድሜ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ምግቡ። ሸርጣን ፍለጋ ርቀን አንሄድም። ባለፈው ሴፕቴምበር አንዱ ራሱ በጓሮ በር ገብቶ ምድጃዬ ሥር አድሮ ነበር፤ ለአንዲት ሸርጣን አጥማጅ ሚስት ከዚህ የበለጠ አገልግሎት የሚሰጥ ግዛት ካለ ንገሩኝ።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቱ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሳይጠሩት ጀልባውን ይዞ ይደርሳል፤ ጣሪያው የሄደበት ሰው ጣሪያው ካልሄደበት ሰው ቤት ገብቶ ሩዝና የሽሪምፕ ወጥ ይበላል፣ ማንም ስንት ቀን ትቆያለህ አይለውም። ይህኛውን ያለ አንዳች ምፀት የጻፍኩት መሆኑን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

ሦስተኛው መሬቱ ነበር። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከቤታችን ጀርባ ላሞች ይግጡበት ነበር፤ ዛሬ ኡሊስ የሸርጣን ወጥመዱን የሚጥለው እዚያው ላሞቹ የቆሙበት ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር መሬቱ እንደሄደው ይሂድ ብዬ ወደ ጉዳቱ እሻገራለሁ።

ስለ ቢምቢውና ስለ ሙቀቱ ክቡርነትዎን አልወቅስም፤ እነሱን የላከ ሌላ ነው። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ከእኛ ቀድመው ሸሽተዋል፤ እነሱንም አልወቅስም፣ መዋኘት አይችሉ ይሆናል። የምጽፍልዎ ስለ ችካሎቹ ነው።

እንደሚያውቁት እኛ ዘንድ በኦክቶበር መጨረሻ፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ወደ መቃብሩ ወጥቶ የዘመዶቹን መቃብር ያጥባል፣ ኖራ ይቀባል፣ ሲመሻሽም ሻማ ያበራል። የድሆችና የሕፃናት መቃብር ግን የእንጨት መስቀል ብቻ ስለነበረው፣ መስቀሉ በስብሶ ማን የት እንደተኛ የማይታወቅ ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት ኖራችንን ይዘን ስንደርስ፣ በመቃብሩ መካከል ሮዝ ሪባን የታሰረባቸው አዳዲስ ችካሎች በተርታ ተተክለው አገኘን።

«ኤልሚር፣ ነይ እይ!» አለችኝ ዜኖቢ እያለቀሰች፤ «ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ ስም የለሾቹን አስታወሰቻቸው!»

«ሁሉም ሮዝ ነው እኮ፣ የሴት ልጅ ቀለም» አለ አልሲድ፤ «ወንድ አይሞትም ነበር እንዴ በዚህ መንደር?»

«አፍህን ዝጋና ኖራውን አቀብለኝ» አለችው።

እናም ክቡር ሆይ፣ ችካሎችዎን በሙሉ ኖራ ቀባናቸው። ለእያንዳንዱ ሻማ አበራን፣ አበባ አስቀመጥን፣ ጸሎት ደገምን። ዜኖቢ በሕፃንነቱ የሞተባትን ወንድሟን ከመካከላቸው በአንዱ ሥር አገኘሁት ብላ ብርዱን ወራት ሙሉ እሑድ እሑድ ትጎበኘው ነበር።

በስብሰባው ላይ ኢንጂነር ፕሬስኮት በመጀመሪያ ያደረጉት እኛን ማመስገን ነው። «ችካሎቹን እንዲህ አሳምራችሁ ስለጠበቃችሁልን ጽሕፈት ቤታችን ኮርቶባችኋል፤ የመቃወሚያው ጊዜም ያለ አንድ ቅሬታ አልቋል» አሉ።

ዜኖቢ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ ታዲያ በችካሎቹ ሥር የተቀበረው ማነው?»

«ማንም የለም፣ እማማ። የአፈር ግድቡ የሚሠራበት መስመር ነው፤ ጎርፉን የሚያቆመው።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ከግድቡ ውስጥ ነው፤ ይጠበቃል።»

«ከችካሉ ወዲህ ያሉት መቃብሮችስ? ቤቶቻችንስ?»

ወጣቱ ኢንጂነር ወረቀታቸውን አገላበጡ። «እነሱ... ውጭ ናቸው።»

ከኋላ አልሲድ፣ «አይ አምላኬ!» አለ፤ «ለካ ሻማ ያበራነው ለራሳችን ነው!» የሳቀ ሰው ነበር። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ፤ ቤት ስገባ ግን የኡሊስን የጀልባ ገመድ ደበቅሁበት።

ክቡርነትዎ ለምን ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ጉዳት አምስተኛ ብዬ ልቁጠረው። ልጃችን ሬሚ በሰባት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞቶብን ያረፈው ከችካሎቹ ወዲህ፣ በውጪው በኩል ነው። እኛ ዘንድ ውሃ ሲበረታ ሳጥኑ ተንሳፍፎ ሙት ከመቃብሩ ይወጣል። ባለፈው አውሎ ነፋስ ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ሲሸሽ ኡሊስ በጀልባው ገመድ የልጁን መቃብር ክዳን ዋርካ ከሚያክል የኦክ ዛፍ ጋር አሰረና ራሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ አደረ። ስናገኘው ገመዱን እንደያዘ ነበር፤ ጣቶቹን የፈታነው በሁለት ሰው ነው። ዛፉ በዚያው ወር በጨው ውሃ ደርቆ ሞቷል።

ኢንጂነርዎ መቃብሩን በራሳችን አንስተን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እንደምንችል በትሕትና ነገሩን። ኡሊስ መልስ የሰጠው ቤት ከገባን በኋላ ነው። «አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም» አለ። ቀጥሎም፣ «እሱ ውጭ ከሆነ እኔም ውጭ ነኝ» አለ። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ የተናገረውንም አጥፎ አያውቅም። በሚመጣው አውሎ ነፋስ የሚወጣበት ዛፍ የለውም። እኔ ስለ ቤቴ አይደለም የምለምንዎ፤ ቤት ይሠራል። ግድቡን ከመጨረሻው ቤት ጀርባ ያሳልፉልኝ ብዬ የምለምነው ባሌን በሕይወት እንዲተዉልኝ ነው። ለዚህ ቁጥር መስጠት አልቻልኩም።

ስለተሰበሰብንበት አዳራሽ ድርቀት፣ ስለቀረበልን ብስኩት፣ እንዲሁም አንድም ቀን ሳያዩን ስለ እኛ ስለ መወሰንዎ ከመላ መንደሩ ጋር ሆኜ አመሰግናለሁ። እድሜዎ እንደ ግድብዎ ይርዘም፤ ምኞቴ ግን እንደ ግድብዎ ሰው ውጭ የሚተው አይሁን።

በታላቅ አክብሮት፣ ከመስመሩ ማዶ ሆና እጅ የምትነሳ፣
ኤልሚር ዳርዳር

ድኅረ ጽሑፍ፤ ዓርብ ጠዋት። ደብዳቤው ሳይላክ ስላደረ፣ ዛሬ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ራሴ ልንገርዎ። ጎህ ሲቀድ ቦቲዬን አጥልቄ፣ ሸርጣን የምናመላልስበትን ጋሪ እየገፋሁ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። ችካሎቹን አንድ በአንድ እያወዛወዝኩ ነቀልኳቸው፤ ምናልባት በእርግጥ ሕፃን ቢኖርበት ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ በእጄ ደፈንኩ። ከዚያ ጋሪውን በቤቶቻችን ፊት ገፍቼ አልፌ፣ ከመጨረሻው ቤት ጀርባ፣ ሸምበቆው በሚጀምርበት ቦታ፣ ውሃው ጉልበቴ ድረስ እየመጣ በተርታ ተከልኳቸው። ከሰማይ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ እንዳላችሁና ምሳ ሳይደርስ ልትመልሷቸው እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። በመጨረሻም ኖራ በጥብጬ ደህና አድርጌ ቀባኋቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚኮራበት አውቃለሁና። ሊነቅሉ ለሚመጡት ሰዎችዎ ግን አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ እርጥብ ኖራ ባዶ እጅ ያቃጥላል። ጓንት ያልያዘ ካለ መጥቶ የእኔን ይዋስ፤ ቤቴ አሁን ከመስመሩ ውስጥ ነው።