ጎማው ሳይነሣ ስለተፈረመለት ሞተር ሳይክል

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ውድነህ
የወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት የንብረትና ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ከለላ ምስጋና ማቅረብንና ፊርማዬ እንዲመለስልኝ መጠየቅን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በግቢዎ ተሰልፈው ለሚያብረቀርቁት ሞተር ሳይክሎች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ጤናቸው እንደ ውበታቸው ይሁንላቸው። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። እጄም እግሬም እንዳለ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ በእኔ ምክንያት እግሩ እንደነበረ ያልሆነ ሰው ስላለ ነው።

አንባቢ ማን እንደሚጽፍ እንዲያውቅ ያህል፣ አብዱልመናን ዐብደላ እባላለሁ፤ በጎንደር ከተማ የሞተር ሳይክል ሜካኒክ ነኝ፤ አባቴም ሞተር ሳይክል ዶቅዶቄ በሚባልበት ዘመን በዚሁ ሙያ ኖረው ያለፉ ናቸው። የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ወረዳው እየጠራ፣ ሠራተኞቹ የሚነዷቸውን ዐሥራ አራት ሞተሮች እንድመረምርና ደህንነታቸውን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ያደርጋል። የወረዳውን ስም ያልጻፍኩት ልደብቅዎ ፈልጌ አይደለም፤ የሌላው ወረዳ ኃላፊ ደረቱን ነፍቶ እንዳያነብ ብዬ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ የወረዳው የክትባት ሠራተኛ ወይዘሪት ወርቅውሃ ነጋ፣ የአባ ሰንጋ ክትባት የያዘውን የበረዶ ሣጥን ከኋላዋ አስራ ከኮሶዬ ቁልቁል በሚወስደው የጠጠር መንገድ ስትወርድ፣ መታጠፊያው ላይ የሞተሩ የኋላ ጎማ ከሥሯ ሸሽቶ ጣላት። ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የጽሕፈት ቤትዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴም በግድየለሽነትና ከመጠን ባለፈ ፍጥነት አሽከርክራ የመንግሥት ንብረት ለጉዳት ዳርጋለች ብሎ ከሥራ እንድትሰናበት ወስኗል፤ ውሳኔው የሚጸናው መጋቢት አንድ ቀን ነው። የውሳኔው ዋና ማስረጃ አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ «የኋላ ሞላና ተያያዥ ክፍሎች፦ ደህና» የሚል ሰፍሯል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ያን ወረቀት የፈረምኩት ግን ጎማውን ሳላነሣ ነው።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አፍሬያለሁ፤ ሐፍረቴንም ለብቻዬ ከምይዘው ለክቡርነትዎ ማካፈል ከጨዋነት ይቆጠራል ብዬ ስላመንኩ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ስለ ንጽሕና። የዞን እንግዶች ለግምገማ ሲመጡ ግቢው እንዳያሳፍር በማሰብ፣ ሞተሮቹ በየዓርቡ ላቫጆ ሄደው በኃይለኛ የውሃ ግፊት እንዲታጠቡ፣ ከታጠቡም በኋላ ሆዳቸው እንዲያበራ ናፍጣ እንዲረጭባቸው ያወጡትን መመሪያ አደንቃለሁ። ሙያው ለሌለው አንባቢ ላስረዳ፦ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው በአንድ ረጅም ብሎን ሲሆን፣ በብሎኑና በክንዱ መካከል ቡሽ የሚባሉ ቀለበቶች አሉ። ሞላው ወረድ ከፍ ባለ ቁጥር ክንዱ የሚዞረው በእነዚህ ላይ ነው፤ ዕድሜ የሚሰጣቸውም በውስጣቸው ያለው ግራሶ ነው። የላቫጆው ውሃ ግራሶውን ይገፋዋል፣ ናፍጣው የተረፈውን ያሟሟዋል፣ ከዚያ የወረዳችን አቧራ ገብቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቡሹ ሲበላ ክንዱ ይላላል፤ ክንዱ ሲላላ የፊት ጎማ ወደ ታጠፈበት የኋላው አልከተልም ይላል። ከውጭ ሲታይ ግን ሞተሩ ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም ማለቴን እዚሁ ተራ ቁጥር ላይ ይመዝገብልኝ። የዞን እንግዶች ስለ ንጽሕናው ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት እንደሰጡዎት ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት።

2. ስለ ምሳው። በጥቅምት መጨረሻ ለምርመራ በመጣሁበት ማክሰኞ ያደረጉልኝን መስተንግዶ እስክሞት አልረሳውም። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ እስላሙም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነውና፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስዞር የሚቀርብልኝ ሽሮ ነበር፤ ለዚያም ቅር ብሎኝ አያውቅም። እርስዎ ግን ለእኔ ለአንድ ሰው ብለው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ልከው ዶሮ በሙስሊም እጅ አሳርደው፣ በሙስሊም ቤት አሠርተው፣ በአዲስ ድስት አስመጥተው አቀረቡልኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ከመንግሥት ቤት እንዲህ ያለ ክብር ደርሶኝ አያውቅም፤ ዓይኔ እንባ ማቅረሩንም አልደብቅም። ከምሳው በኋላ ዐሥራ አራቱ ቅጾች «ደህና» ተብለው በጸሐፊዋ እጅ ተሞልተው መጡ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ለግምገማ የመጡት የዞን እንግዶች በወንበር ተቀምጠው ያያሉ። የኋላ ሞላን ለመመርመር ሞተሩን በግንድ ላይ አቁሞ፣ መሬት ተንበርክኮ፣ ጎማውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ይህን በእንግዶችዎ ፊት ዐሥራ አራት ጊዜ ማድረግ፣ የጋበዘኝን ሰው ጓዳ ገብቶ ድስቱን እየከፈቱ እንደ ማየት ሆኖ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ። ጉቦ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት አውቅበት ነበር፤ እርስዎ ግን አከበሩኝ፤ ለክብር ደግሞ እምቢ የሚባልበትን መንገድ አባቴ አላስተማሩኝም። ቀልቤ ግን ነግሮኝ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

3. ስለ ማመልከቻዎቹ። ወይዘሪት ወርቅውሃ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በመስከረም ሦስት ማመልከቻ ጽፋለች፤ ሦስቱንም አሳይታኛለች። ሦስቱም «ስታጠፍ ኋላው ይቀርብኛል» ይላሉ። እኔ በሠላሳ ዓመት ሙያዬ የላላ ክንድ ከዚህ ባጠረና በጠራ አማርኛ ሲገለጽ ሰምቼ አላውቅም። በግርጌያቸው የሰፈሩት የክቡርነትዎ መመሪያዎችም ከአንዱ አንዱ እየበለጡ የሄዱ ናቸው፦ በመጀመሪያው «ካቴናው ይጥበቅ»፣ በሁለተኛው «ጎማው ይነፋ»፣ በሦስተኛው «አሽከርካሪዋ ተጨማሪ ልምምድ ትውሰድ»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ልናገር። በዚያ ማክሰኞ ወርቅውሃ ከሞተሯ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝና «አያ አብዱልመናን፣ እባክዎ የኔን ለብቻው ይዩልኝ» አለችኝ። እኔም ሆዴ ሞልቶ፣ እንግዶች እያዩኝ፣ «እህቴ፣ የሚወዛወዘውስ ሞተሩ ሳይሆን ልብሽ ነው» አልኳት። ሁሉም ሣቁ። እርስዎም ሣቁ። እሷ ግን የራስ ቁሯን አንሥታ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ጀምሮ አሽቼዋለሁ፣ አልታሸም። ስሰግድ እንኳ ያ ሣቅ ይሰማኛል።

4. ስለ እውነተኛው ምርመራ። ከአደጋው በኋላ የተጎዳው ሞተር ለሚቀጥለው ሠራተኛ ተጠግኖ እንዲመለስ ወደ ጋራዤ ላኩልኝ። በጥቅምት ማድረግ የነበረብኝን በጥር አደረግሁት፤ ሞተሩን በግንድ ላይ አቆምኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ጎማውን ይዤ አወዛወዝኩ። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ሆኖ ሰምቶ ምን ተሰበረ ብሎ ጠየቀኝ። ብሎኑን ሳወጣው መሃሉ ተበልቶ ጥፍር የሚያስገባ ጎድጓዳ ይዟል፤ ቡሾቹ ክብነታቸውን ትተው እንቁላል መስለዋል፤ ግራሶ መኖር በነበረበት ቦታ ቀይ የዝገት ዱቄት ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ረገፈ። ሞላውም ዘይቱን አንጠባጥቦ ጨርሷል። ቡሾቹን ቶርኖ ቤት ወስጄ በነሐስ አስቀረጽኩ፣ ብሎኑን በአዲስ ቀየርኩ፣ የሞላውን የዘይት ማገጃ ጎማ ለውጬ ዘይቱን ሞላሁ፣ ግራሶ ጠቀጠቅሁ፣ አጠበቅሁ። ጎማውን ዳግም ሳወዛውዘው ድምፅ የለም። ሥራው ሁሉ የፈጀው ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ነው። የአንዲት ሴት እግር ስምንት ወር ሙሉ ሲለምነን የኖረው ይህችን ግማሽ ቀን ነበር።

5. ስለ ከለላው። የተበሉትን ቡሾች በመሀረብ ቋጥሬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለኮሚቴው ልመስክር ብል፣ ጉዳዩ መዘጋቱን፣ ቢከፈትም መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ እንደምሆን በወንድምነት መክረውኛል። አደጋውን በቦታው ሆነው ያዩትን ገበሬ አያ ቻላቸውንም ኮሚቴው በተመሳሳይ ርኅራኄ ሸኝቷቸዋል። እኒህ ሰው ወርቅውሃን በቃሬዛ ተሸክመው ከአስፋልቱ ያደረሱ ናቸው፤ ቃላቸውም «በቀስታ ነበር የምትወርድ፣ በሬዎቼን እንኳ አላስበረገገችም፤ ምነው እሷን ትከሳላችሁ፣ ዶቅዶቄው ነው ኋላው የከዳት» የሚል ነበር። ገበሬ ስለ ፍጥነት ሙያዊ አስተያየት ሊሰጥ ስለማይችል ቃላቸው አልተመዘገበም። የእኔ ቃል ግን ጎማ ሳይነካ ሙያዊ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ክቡርነትዎ እኔን ከተጠያቂነት ለማዳን አንዲት ሴት ከእንጀራዋ እስከማፈናቀል ድረስ ስለደከሙልኝ፣ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ይህን ከለላ ይዤ ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህልም ተሳክቶልኛል። በሦስተኛው ወርቅውሃ ቤት ሄድኩ። እግሯ በጀሶ ታስሮ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሆነውን ሁሉ፣ ጎማውን አለማንሣቴንም ሳይቀር ነገርኳት፤ አውፍ በይኝ ብዬም ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ትሰድበኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና «የኔስ አንዴ ሆነ። የዐሥራ ሦስቱን ጎማ አነሡት?» አለችኝ።

አላነሣሁም ነበር ክቡር ሆይ። ይቅርታ ልለምን ስመጣ ዐሥራ ሦስት ሰው በፊርማዬ ላይ ተቀምጦ ገደል ለገደል እየዞረ መሆኑን አላሰብኩም ነበር። ከፊቷ እንዴት ተነሥቼ እንደወጣሁ አላህ ያውቃል።

በማግሥቱ ግንዴን በሞተሬ ጀርባ አስሬ ቀበሌ ለቀበሌ ዞርኩ። የዘጠኙ ቀጭ ይላል፤ የሦስቱ ጀማምሮታል። ነጂዎቹንም በየእጃቸው አስነክቻቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም በወረቀት ሊያሳምናቸው አይችልም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በዐሥራ አራቱም ቅጾች ላይ ያለው ፊርማዬ ሐሰት መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጫለሁ። ከመጋቢት አንድ በፊት የወይዘሪት ወርቅውሃ ነጋ ስም ከውሳኔው ላይ ተፍቆ፣ ግድየለሽ የሚለው ቃል ሳይነካ እንደተጻፈ ይቆይና በቦታው የእኔ ስም ይግባ። ቃሉ ትክክለኛ ነው፤ የተሳሳተው ሰውዬው ብቻ ነው። ከጎኑ ለአንድ ተጨማሪ ስም የሚሆን ቦታ ቢተርፍ፣ ሞልቶ የመላክ ልምድ ያላት ጸሐፊዎ እንደምታውቅበት አልጠራጠርም።

የክቡርነትዎን ወንበር ላቫጆ የማይደርስበት፣ ዕድሜዎንም ግራሶው የማይነጥፍ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በላቀ ሐፍረት ጋር እሰናበታለሁ።

አብዱልመናን ዐብደላ
(ይህን ፊርማ የፈረምኩት ሁሉን በእጄ ዳስሼ ነው)

ግልባጭ፦
— ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ ከተበሉት ቡሾችና ብሎን ጋር
— ለወይዘሪት ወርቅውሃ ነጋ
— ለአያ ቻላቸው፣ የሚያነብላቸው ሰው ተልኮላቸዋል
— በጋራዤ በር ላይ ለመለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ስቆጥር ዘጠኝና ሦስት ዐሥራ ሁለት ብቻ መሆኑን ያስተዋሉ ይመስለኛል። ዐሥራ ሦስተኛው ክቡርነትዎ ራስዎ የሚነዱት ነው። ክንዱ አይነቃነቅም፣ ሞላው ዘይት አያንጠባጥብም፣ ግራሶው ሙሉ ነው። ሊሆንም ይገባዋል፤ በየወሩ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጋራዤ አምጥተው «ይህን ላቫጆ አልሰደውም፣ ናፍጣው ቡሹን ይበላብኛል» ብለው ያዘዙኝም እርስዎ ነዎት። የሌሎቹስ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ሐፍረት ነው፤ የእርስዎን ደግሞ ራስዎ ያውቁታል።