አባትህ የከፈተው ወይን

ለናፈቅከኝ ልጄ፤ ሰላምታዬ ከደጅህ ቀድሞኝ ይግባ። እኛ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነን።

አባትህ አንተ ስትወለድ ያስቀመጠውን ቀይ ወይን እሁድ ዕለት ከፈተው። ዕድሜውን ሙሉ የወይን ፋብሪካ ቀማሽ አልነበር? አማቾቻችን ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ብርጭቆውን አዟዟረ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነና «አቤት! የበሰለ እንጆሪ፣ አሮጌ ቆዳ፣ ጥቂት ትምባሆ!» አለ። የእህትህ ባልም «እውነትም ትምባሆው!» ብሎ ተቀበለው። እኔ ብቀምሰው ለካ የለየለት ኮምጣጤ! ማን ደፍሮ ይናገር? ሁሉም ፊቱን እያጨማደደ ጨለጠው፤ እሱም ደግሞ ቀዳላቸው።

በማግስቱ ምድጃ ላይ የረሳሁት ሽንኩርት አርሮ ሽታው ጎረቤት ሲደርስ፣ አባትህ እዚያው ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጣው እንዴት ቢጥመው ነው አልኩ! ወተቱንም አሁን የተበላሸ እንዳይጠጣ እኔ ቀምሼ ነው የምሰጠው።

ከወይኑ ላንተ አስቀርቶልሃል። «አፍንጫዬን የወረሰው እሱ ነው፤ እውነቱን እሱ ይነግረኛል» እያለ ደጅ ደጁን ያያል። እባክህ ቶሎ ና። ስትቀምስ ግን፣ በሞትኩት፣ ፊትህን እንዳታጨማድድ።

በሰላም ቆይልኝ።

እናትህ፣ የቤቱ ቀማሽ