ሥራሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ

እንጅባራ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ልጄ ፀደይ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ አይይሽ። ቃሉ የእኔ የእናትሽ፣ ጽሑፉ የወንድምሽ የእንየው ነው። ደኅና ነን፤ ጊደሯም ወልዳለች።

«አባባ ከሞተ ችግኙን ማን ይተክላል? ልምምዱን ትቼ እመጣለሁ» ማለትሽን ሰማሁ። ተይ ልጄ! አባትሽ ወንፈል እየወጣ ያግዛቸው የነበሩት ጎረቤቶች ቅዳሜ መጥተው ለከሰል የምናለማውን የዛፍ ችግኝ ሁሉ ተከሉልን። እንየውም የአባቱን ኮት ለብሶ፣ አንቺ በስልክ እንዳልሽው በሜትር እየለካ ሲያራርቀው ከጎረቤቶቹ አያ ይሄነው «ልብስ ልታሰፋለት ነው እንዴ?» ቢለው ሁላችንም ሳቅን። ከሐዘኑ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ግማሹን በአንቺ ልክ፣ ግማሹን በልማዳቸው አጠጋግተው ተከሉት።

ከአገራችን ወጣቶች ተመርጠሽ ኖርዌይ ድረስ የሄድሽበትን የደን ሥራ ልምምድ ጨርሺ። አያ ይሄነው ገበያ በወጣ ቁጥር «ልጃችን» እያለ ያወራልሻል፤ እንዳታሳፍሪው።

እመቤቴ በሰላም ትመልስሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውይ ከእንየው ጋር ብዙ አውሪ። አባቱን ለእኔ አያነሣልኝም።

እናትሽ ማናየሽ

እህቴ፣ ይችን ስለ እኔ ያለችውን የመጨረሻዋን ልመና ሳልጽፍ ዘልያት ነበር። ደብዳቤውን ሳነብላት እማ ደረሰችብኝ። እሁድ ደውይልኝ።

እንየው